ለማንም ያልተነበበ የደም ውጤት

የስምንት ዓመቱ ማቲ ደገፋ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ፉሪ ዳገት ላይ ባለው የወላጆቹ ቤት ውስጥ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው እናቱ ማሪቱ ናት። ከኪዳን መልስ ሰበታ ገበያ ያለውን የሸቀጥ ሱቋን ከፍታ ብዙም ሳትቆይ ልቧ አላርፍ አላትና ዘግታው ተመለሰች። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ስትነካው ቀዝቅዟል።

ኢንስፔክተር ሬሐና ስትደርስ ግቢው በሰው ሞልቶ ፍርዱ ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። በዚህ ሰፈር ፖሊስ ወሬን ቀድሞ የደረሰበት ቀን የለም። ግማሹ ሰው ገዳይዋ መምህርት ትጊ ናት ይላል፤ ረቡዕ ዕለት ለተማሪዎቿ የትል ክኒን አድላለችና። ሌላው ግማሽ ወንዳፍራሽን ይከሳል። ወንዳፍራሽ የሰፈሩ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ማቲን ከሁለት ወር ወዲህ የሚጥል በሽታ እየጣለ ሲያንዘፈዝፈው፣ ለምርመራ ደሙን የቀዳው እሱ ነበር። በዓይናቸው ያላዩት ሁሉ ጠርሙስ ሙሉ ደም እንደቀዳው ይምላሉ።

ሬሐና ሰዉን አስወጥታ በሩን ዘጋች። ከቡራዩ ተዛውራ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው፤ ቀጠን ያለች፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ስትጠይቅ የማትቸኩል ሴት ናት። የልጁ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቧል። ክንዱ ላይ ያለው የመርፌ ምልክት ከደረቀ ቆይቷል። በሸሚዙ አንገትጌ ላይ ግን ዝገት የሚመስል ቀይ ነገር አለ። ደም መስሏት ነበር፤ በጥፍሯ ስትፍቀው እንደ ዱቄት ረገፈ። ሸሚዙ ከአስከሬኑ ጋር ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ እንዲላክ አዘዘች።

ወደ ጓሮ ዞረች። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ መሬቱ ላይ አመድ ተነስንሷል፤ አመዱ የዛሬ ነው። ሰው አመድ የሚነሰንሰው የሚሸፍነው ነገር ሲኖረው ነው። ማሪቱን ስትጠይቃት ስለ አመዱ የማውቀው የለም አለች። ልጁን ተኝቶ ትታው ነው ለኪዳን የወጣችው፤ ቁርስ ይብላ አይብላ አታውቅም።

«ማታስ እራት በልቷል?» አለቻት ሬሐና።

«አልቀመሰም። ሆዱ ጥሩ አይደለም፣ ተዪው አለኝ አባቱ፤ ተውኩት።» ማሪቱ ይህን ካለች በኋላ የሬሐናን እጅጌ ይዛ ወደ ጥግ ሳበቻት። የስድስት ዓመቷ ልጇ ያኔት ከጎረቤት ሴት ጭን ላይ ሆና ሰዉን ታያለች። «ሐሙስ ዕለት የዚችም ግራ እጅ ብቻውን ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ አፈርኩ። ቤቱ የተረገመ ነው ይሉናል ብዬ። ወንድሟን ምን እንደገደለው ይንገሩኝ፤ ያለዚያ እሷንም እቀብራለሁ።»

ሬሐና ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የምትሮጠው ለሞተው ብቻ አልነበረም።

አባትየው ደገፋ ከገላን ሲደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። የአገሩ ሰው ነው፤ አባቶቹ ፉሪ ላይ ሲያርሱ የኖሩ፣ እሱ ግን መሬቱ ቤት ሲሠራበት ሥራ ፍለጋ የወጣ። ሰፈሩ የሚያውቀው ገላን ያለ መጋዘን ዘበኛ መሆኑን ነው። ማሪቱ ለኪዳን እንደወጣች ወዲያው ተከትሎ መውጣቱን፣ ልጆቹም ያን ጊዜ ተኝተው እንደነበር ነገራት። ሬሐና እጁን ይዛ አጽናናችው፤ ስትይዘውም ክንዱ ላይ ያሉትን ትናንሽ ክብ የእሳት ጠባሳዎች፣ ከሌባ ጣቱ ሥር የጠጠረውን ቆዳ አየች። ዘበኛ ከምን ጋር ሲታገል ነው እንዲህ የሚሆነው ብላ አሰበችና ለጊዜው ተወችው።

እሑድ መምህርት ትጊን ቤቷ አገኘቻት። ልጅቷ ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች ትመስላለች። የስም መጥሪያ መዝገቧን ከፍታ አሳየቻት፤ ረቡዕ ክኒኑ ሲታደል ማቲ ቀሪ ነው። ያን ቀን ቤቱ ሳለ በሽታው ጥሎት ነበር። ሬሐና ይህ ነፃ እንደሚያወጣት ብትነግራትም ትጊ አልተጽናናችም። ማቲ ክፍል ውስጥ ሲወድቅ ሌሎቹ ስለሚጮሁባት፣ ቀሪ በሆነ ቁጥር ደስ ይላት እንደነበር አንገቷን ደፍታ ተናዘዘች። ሬሐና መዝገቡን ዘግታ መለሰችላትና ወጣች።

ሰኞ፣ ከቀብሩ በኋላ፣ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ወንዳፍራሽ የደም ናሙናው ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ተልኮ ገና ውጤቱ አልመጣም አላት። ሬሐና መዝገቡን ስጠኝ አለችው። ውጤት የገባበት ቀን በሚለው ዓምድ ከማቲ ስም አንጻር አንድ ነገር ተጽፎ ተፍቋል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፤ «ሐሙስ» ይላል።

ወንዳፍራሽ ከነጭ ጋወኑ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አራት ቀን ሙሉ ይዞት ሲዞር ጠርዙ ተበልቷል።

«ምን ይላል?»

«በደሙ ውስጥ ሰውነቱ ትልን የሚዋጋበት ነገር ተገኝቷል። ትሉ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ዓይነት ነው። የሚጥለው እሱ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአሳማ ኮሶ ትል ይባላል።»

«ለሐኪሙ ለምን አልሰጠኸውም?»

«የደም ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ትሉ አንድ ብቻ ሲሆን ምርመራው ሊስተው ይችላል፤ ድሮ ይዞት ለቆት ከሆነም አለ ሊል ይችላል። የጭንቅላት ፎቶ መነሣት ነበረበት።»

«ፎቶው እንዲታዘዝ ሐኪሙ ይህን ወረቀት ማየት አልነበረበትም?»

ወንዳፍራሽ መቀመጫ ፈልጎ ተቀመጠ። እሱና ደገፋ የገብርኤል ማኅበርተኞች ናቸው። በየወሩ በአንድ ጽዋ ይጠጣሉ፤ ማቲን ክርስትና ያነሣው የወንዳፍራሽ ታላቅ ወንድም ነው። ወረቀቱ ለሐኪሙ ቢደርስ ነርሶቹ ያዩታል፣ ነርሶቹ ካዩት ሰፈሩ ይሰማል። «እንዲህ ያለ ጉድ በማኅበርተኛዬ ቤት አለ ብዬ በየት አፌ ልናገር?» አለ። ለሌላ ለማን ነገርክ ስትለው «ለማንም» አላት፤ መልሱ ፈጠነባት።

እዚህ ላይ የሬሐናም ጥፋት አለበት፤ መደበቅ አይገባም። «አሳማ» የሚለውን ቃል እሷም በቤቷ ጠርታው አታውቅም። ሐዘን ቤት ገብቶ «ከእናንተ መካከል አሳማ የበላ ማን ነው?» ማለት ለሙስሊሟ ፖሊስም ለክርስቲያኖቹ ሐዘንተኞችም እኩል ነውር ነው። መኪናዋን ወደ ደገፋ ቤት አዞረች፣ በሩ ድረስ ሄደች፣ ተመለሰች። በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ ቀን ባከነ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እየተባለ ያደገ ሰው ሁሉ፣ በዚያ ሳምንት ፉሪ ላይ አንዱ ከሌላው እየተሻማ ሲደብቅ ሰነበተ።

ማክሰኞ ከአዲስ አበባ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ። የልጁ አንጎል ውስጥ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ብዙ የትል ከረጢቶች አግኝቷል። በሽታው ከባድ ነው፤ ነገር ግን በወጉ ቢታከም በሕይወት ሊኖር ይችል እንደነበር ያምናል። ለሞት ያደረሰው ሌላ ነው። ሆዱ ከቀይ ዱቄት በቀር ምንም የለበትም፤ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ሰውነቱ ደርቋል፤ በዚያ ላይ ተኝቶ ሳለ አንዘፍዝፎታል። ዱቄቱ ምን እንደሆነ ለማረጋገጥ ሳምንታት ያስፈልጋሉ አላት። ሬሐና ሳምንታት አላስፈለጓትም። እናቷ በልጅነቷ በግድ ስታጠጣት ምላሷ ላይ የቀረው ምሬት ትዝ አላት። ኮሶ ነው።

የሚቀረው ማን አመጣው፣ ማን አጠጣው የሚለው ነው። ጎረቤቶቹ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የደገፋ ታላቅ እህት አዴ ገለቴ ከመናገሻ በጨርቅ የታሰረ ነገር ይዘው መምጣታቸውን ተናግረዋል። ገለቴና ማሪቱ እንደማይዋደዱ ሰፈሩ ያውቃል፤ ባሕል መድኃኒት ስለሚያውቁም የሐሜት ጣት ወደሳቸው መዞር ጀምሯል። ሬሐና ከለቅሶው ድንኳን ጎን ለብቻቸው አገኘቻቸው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ገለቴ። ዓርብ ምን ይዘው ነው የመጡት?»

«ዳማከሴ ነው፣ ልጄ። ወንድሜን ብርድ መቶት።»

«ዳማከሴ እኮ በየአጥሩ ሥር አለ። ይኸው እዚህ እንኳ በቅሏል። ለዳማከሴ ከመናገሻ ፉሪ ይመጣል?»

አዛውንቷ አጥሩ ሥር ያለውን ቅጠል አዩ። ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ስበው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።

የሠልስቱ ዕለት፣ ረቡዕ፣ ድንኳኑ ሞልቷል። የእድር ሴቶች ምግብ ያመላልሳሉ፤ ያልበላውን እየለመኑ ያበላሉ። መምህርት ትጊ ሰው ይሰድበኛል ሳትል መጥታ ነበር። ያኔት ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ስታያት አንድ ቁራሽ ዳቦ ሰጠቻት። ልጅቷ ወደ አፏ ልታደርሰው ስትል ደገፋ ጎንበስ ብሎ በቀስታ ከእጇ ወሰደው።

«ሆዷ ጥሩ አይደለም» አለ።

ሬሐና ከድንኳኑ ሌላ ጫፍ ሰማችው። ልጅቷ አጠገብ ሄዳ ትናንት እራት በላሽ ወይ ስትላት ራሷን ነቀነቀች። ቁርስም አልበላችም። እናቷ በሐዘን ከወደቀች ወዲህ የሚያበላት አባቷ ነው። ሐዘን ቤት ውስጥ፣ ይህን ያህል እንጀራ በሚመላለስበት ድንኳን፣ ልጅ እየተራበች ነው። ሬሐና ጊዜ የላትም።

ትጊን ልጅቷን ጎረቤት ወስደሽ አብያት፣ ከዓይንሽ እንዳትለያት አለቻት። ከዚያ ማሪቱን፣ ደገፋን፣ አዴ ገለቴንና ወንዳፍራሽን ወደ ውስጠኛው ክፍል ጠርታ በሩን ዘጋች። ማቲ የሞተበት አልጋ ፍራሹ ተነሥቶ ጣውላው ብቻ ቀርቷል። አራቱም ቆሙ።

«እዚህ ማንም ማቲን ሊገድል አልፈለገም» ብላ ጀመረች። «ግን እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር ደብቃችሁኛል። እኔም አንድ ጥያቄ አፍሬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ዛሬ ሁላችንም እንናገራለን፤ ያኔት አለችና።»

«ልጄን ምን ገደለው?» አለች ማሪቱ።

«ኮሶ። አንገትጌው ላይ ያየሁት ቀይ ዱቄት እሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አጠጡት፣ አስመለሰው፣ አስቀመጠው፤ ጓሮ ያለው አመድ የተነሰነሰው ለዚያ ነው። ለአዋቂ የሚበዛ መጠን ነበር፤ እሱ ደግሞ ሕመምተኛ ልጅ ነው።»

ማሪቱ ወደ ገለቴ ዞረች። ሬሐና በእጇ አስቆመቻት።

«ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ያጠጡት ግን እሳቸው አይደሉም። አዴ ገለቴ ዓርብ ሳይመሽ በመጡበት ሚኒባስ ተመልሰዋል፤ ረዳቱን አነጋግሬዋለሁ። ለምን ዋሹኝ? ማሪቱ፣ ላንቺ ብለው እንደማይዋሹ አንቺም ታውቂያለሽ። የዋሹት ለሚሳሱለት ሰው ነው።»

«ወንድሜ ለራሱ ነው ያለኝ» አሉ ገለቴ። «ያ ዋቅ! ለራሱ የሚጠጣው ነበር የመሰለኝ።»

ሬሐና ወደ ወንዳፍራሽ ተመለሰች።

«ለማንም አልነገርኩም ብለኸኛል። ማንም ካላወቀ፣ ሁለት ወር የታመመ ልጅ በድንገት ዓርብ ማታ የትል መድኃኒት ለምን ይታሰብለታል? ውጤቱ ሐሙስ ገባ። ዓርብ ኮሶው ከመናገሻ መጣ። በመካከል አንድ ሰው ነግሯል።»

ወንዳፍራሽ ግንባሩን ጠረገ። ሐሙስ ማታ ለደገፋ ደውሎ እንደነበር አመነ። አሳማ የሚለውን ቃል ሊያወጣው አልቻለም። ጭንቅላት የሚለውንም ዋጠው። «የሆድ ትል ነገር ነው፣ ቀላል ነው፣ ሰሞኑን እናየዋለን አልኩት» አለ። «ላላሳፍረው ብዬ።»

«ለሆድ ትል ደግሞ ይህ አገር የሚያውቀው አንድ መድኃኒት ነው» አለች ሬሐና። «ኮሶ የሚጠጣ ሰው ዋዜማውን አይበላም፤ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። ዓርብ ማታ የማቲን እራት ያስቀረው ማን ነው? ማሪቱ፣ ነግረሽኝ ነበር። ዛሬስ የያኔትን ዳቦ ከእጇ የወሰደው ማን ነው? ኦቦ ደገፋ፣ ቅዳሜ ማሪቱን ተከትዬ ወጣሁ ብለውኛል። ገላን የገቡት ከሁለት ሰዓት በላይ አርፍደው ነው። ዘበኛም አይደሉም። ክንድዎ ላይ ያለው የትኩስ ዘይት ጠባሳ ነው፤ ጣትዎ ሥር ያለው ቢላዋ የያዘ እጅ ምልክት ነው። ደውዬ ጠይቄአለሁ። በውጭ አገር ሠራተኞች ካምፕ ወጥ ቤት ነዎት።»

ማሪቱ ባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየው አየችው። አራት ዓመት ሙሉ የዘበኛ ሚስት ነበረች።

«ማቲን የሚጥለው ጭንቅላቱ ውስጥ የገባ የአሳማ ኮሶ ትል ነበር። ከትናንት በስቲያ መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሬሐና፤ ፊቷ ቀልቷል። «የአሳማ ሥጋ በልተዋል?»

ውጭ የእድሩ ሰዎች ሳህን ሲሰበስቡ ይሰማል።

«ወጥ ቤት ሆኖ የማይቀምስ የለም» አለ ደገፋ በመጨረሻ። «ቋሊማውን እኔ ነኝ የምሞላው። ጨው ልክ መሆኑን ሳይበስል ነው የሚቀመሰው። እተፋዋለሁ እያልኩ ጀመርኩ፤ ኋላ መዋጥ መጣ። አምና ትል ከእኔ ሲወጣ አየሁ። ለማን ልንገር? ለነፍስ አባቴ? ለማኅበሩ? ኮሶ ተደብቄ ጠጣሁ፣ ወጣልኝ፤ ዘንድሮ ሲመለስብኝም ጠጣሁ። ለእኔ ሠርቷል። ለልጄም ይሠራል ብዬ ነው። ጠጥቶ ሲተኛ ዳነ ብዬ ሄድኩ።» ከኮቱ የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ቀይ ዱቄት አወጣ። «ይቺንም ሳይብስባት ልስጣት ሰዉ እስኪወጣ እየጠበቅሁ ነበር። ማቲን የገደለው ትሉ ነው፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ ብዬ ነበር።»

ሬሐና ፌስታሉን ተቀብላ ያዘችው። አገር የሚያውቀው ጠንካራ ሰው፣ ሁለተኛ ልጁን በፍቅር ሊገድል አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ያኔት ዛሬውኑ አዲስ አበባ ሆስፒታል እንደምትገባ፣ ደሟ ተመርምሮ ጭንቅላቷ ፎቶ እንደሚነሣ ሬሐና ነገረቻቸው፤ ደገፋም ቀድሞ ሰገራው ይመረመራል፣ ሕጉ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ይመጣል። «ልጅቷ ቶሎ ደርሳለች፤ የአዲስ አበባው ሐኪም ተስፋ አለው» አለቻቸው።

ማሪቱ ግን ሌላ ነገር ይዟታል። «ማቲ ከየት አገኘው? ቤቴ እንዲህ ያለ ነገር ገብቶ አያውቅም።»

«ለውሻው ብዬ ትርፍራፊ አመጣ ነበር» አለ ደገፋ፤ አላያትም። «ከዚያ ሰርቆ በልቶ ነው።»

ወንዳፍራሽ ያን ጊዜ ቀና አለ። ሐሙስ ሊለው የሚገባውን ዛሬ ተናገረው።

«አይደለም፣ ደገፋ። ሥጋውን የበላ ሰው ትሉ ሆዱ ውስጥ ነው የሚያድገው፤ እንዳንተ። ጭንቅላት የሚገባው እንቁላሉ ነው። እንቁላሉ ትሉ ካለበት ሰው ይወጣል፤ በደንብ ባልታጠበ እጅ፣ በምግብ፣ በውኃ ወደ ሌላው ይሄዳል። በደም ምርመራው የተገኘበት ልጅ የአሳማ ሥጋ አፉ ላይ ሳያደርግ ሊይዘው ይችላል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ይህን ልነግርህ ይገባ ነበር።»

ደገፋ ሁለቱን እጆቹን ገልብጦ አያቸው። ከዚያ አልጋው ጣውላ ላይ ተቀመጠ።

«ማለት ማቲ አልበላም?»

«አልበላም።»

«ዓርብ ማታ ጠየቅሁት» አለ፤ ድምፁ ተሰባብሯል። «ከውሻው በልተሃል አልኩት። አባዬ አልበላሁም አለኝ። በማርያም ብሎ ማለልኝ። በልተህ ደግሞ በእመቤቴ ትምላለህ ብዬ በጥፊ መታሁት። እያለቀሰ ተኛ። ጠዋት ኮሶውን ስሰጠው፣ አባዬ እጠጣልሃለሁ፣ ግን አልበላሁም አለኝ።»